ያልተለማመዱት ጥያቄ

የጥርስ ብሩሹ አረንጓዴ ነው። የሚተኛው በግድግዳው በኩል ነው። ግራ ጉልበቱ ላይ ያለው ጠባሳ ልጅ ሆኖ አጥር ሲዘል ሽቦ ወግቶት ነው። ሻይ ላይ ሦስት ማንኪያ ስኳር ይጨምርና አያማስለውም፤ ሻዩን ከጨረሰ በኋላ ስኳሩን ከሥር እየጫረ ይበላዋል። እናቱ ደግሞ ጡረታ የወጣችው… ጡረታ የወጣችው…

«እናትህ ጡረታ የወጣችው ከፖስታ ቤት ነው ከባንክ?» አለች ሚጢጢ፣ በክርኗ ጎኑን ጎሸም አድርጋ።

«ከፖስታ ቤት» አላት ባሏ እጇን ያዝ አድርጎ። «አትጨነቂ። ሁሉንም ታውቂያለሽ።»

እንዴት አታውቅ! ሦስት ወር ሙሉ እንደ ማትሪክ ተፈታኝ ስታጠና ነው የከረመችው። የተቀመጡበት አግዳሚ ወንበር ያለው የባሏ አገር የመኖሪያ ፈቃድ የሚሰጥበት ቢሮ ኮሪደር ላይ ነው። ባሏ የውጭ አገር ሰው ነው። ከሰባት ዓመት በፊት ሊፍት ሊጠግን መጥቶ እዚሁ ቀረ፣ ሰፈሩ በሙሉም «ሊፍቱ» አለው። አሁን መሥሪያ ቤቱ ወደ አገሩ ጠርቶታል። እሱ ፓስፖርቱን አሳይቶ ይገባል። እሷ የምትገባው ግን ቢሮው ትዳራቸው ለወረቀት ተብሎ ሳይሆን የእውነት መሆኑን ካመነ ብቻ ነው። ለዚህ ሲባል ባልና ሚስቱን ለየብቻ ያስገቡና አንድ ዓይነት ጥያቄ ይጠይቋቸዋል። መልሱ ከገጠመ እሰየው። ካልገጠመ ደህና ሁኚ።

ሚጢጢ መጋረጃ ሰፊ ናት። ሚጢጢ ያሏት ቤተሰቦቿ ናቸው፣ መጋረጃ ለመስቀል በርጩማ ላይ በርጩማ ስለምትደርብ። ሊፍቱ ግን የራሱ ስም አለው ለሷ፦ «ሦስት ተኩል»። የተዋወቁ ቀን አንድ ጥቅል መጋረጃ ታቅፋ ሦስተኛና አራተኛ ፎቅ መሀል ሊፍት ውስጥ ተቀርቅራ ነበር። በሩ እስኪከፈት ሃምሳ ደቂቃ ፈጀ። ሃምሳውን ደቂቃ ታዲያ ከውጭ አንድ የወንድ ድምፅ «የያዝሽው ጨርቅ ምን ዓይነት ነው? ቀለሙን ንገሪኝ። ስንት ሜትር ነው?» እያለ አስለፈለፋት። እንዳትፈራ ብሎ ነው። በሩ ሲከፈት ሚጢጢ መልኩን ሳታየው ድምፁን ወዳው ጨርሳ ነበር።

አባቷ ናቸው ያስቸገሩት። የረጅም መንገድ አውቶቡስ ሲነዱ ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው፣ የሰው ፊት አይተው መንገዱን የሚያውቁ። «የማናውቀው አገር ሰው! እዚያ ማንን ትቶ እንደመጣ በምን ታውቂያለሽ?» አሉ። አንድ እሑድ ምሳ ላይ ፊት ለፊት ጠየቁት። «እዚያ የተውከው ሰው አለህ ልጄ?»

«እናቴ ብቻ» አለ ሊፍቱ።

በዚያ ቃል ነው ልጃቸውን የሰጡት።

የቢሮውን ጥያቄዎች ከራሱ ቋንቋ እየገለበጠ ደብተር ላይ የጻፈላቸው ሊፍቱ ነው። ስልሳ ሁለት ጥያቄ። ጠያቂዋ ደግሞ የሚጢጢ ታላቅ እህት፣ የትምህርት ቤት ጸሐፊዋ፣ ናት። ማክሰኞና ሐሙስ ከሥራ ስትመለስ መነጽሯን አፍንጫዋ ጫፍ ላይ ታንጠለጥልና ደብተሩን ይዛ ትሰየማለች።

«አቶ ሊፍቱ፣ ባለቤትዎ ሲናደዱ ምን ያደርጋሉ?»

«ዝም ትላለች። ከዚያ ጨርቅ ትቆርጣለች።»

«ምን ያህል ሜትር?»

«እንደ ጥፋቱ።»

እንዲህ እየተሳሳቁ ነው ፍቅራቸውን በቃላቸው ያጠኑት። አባትየው እንኳ ጋዜጣ የሚያነቡ መስለው ከጥግ ሲስቁ ትከሻቸው ይነቃነቅ ነበር።

አሁን ስማቸው ተጠራ። እሷ ክፍል አራት፣ እሱ ክፍል አምስት። ከመግባቱ በፊት ዞር ብሎ ዓይኑን ጠቀስ አደረጋት። በዚያች ጥቅሻ ልቧ እንደ አዲስ ሙሽራ ዘለለች።

* * *

ጠያቂዋ ድምፀ ለስላሳ ሴት ናት። የጥርስ ብሩሹን ጠየቀች፣ ሚጢጢ መለሰች። ጠባሳውን ጠየቀች፣ መለሰች። ሚጢጢን እየሞቃት መጣ፤ አንዳንዱን ጥያቄማ ሳያልቅ ትመልሰው ጀመር።

«ባለቤትዎ ስንት ልጆች አሏቸው?»

ሚጢጢ ሳቀች። «ገና ነን እኮ!»

«የእናንተን አይደለም። የእሳቸውን ነው።»

«የለውም።»

ሴትየዋ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «እርግጠኛ ነዎት?»

«ምን ማለት ነው? ሚስቱ አይደለሁ እንዴ!»

ሴትየዋ ፊቷ ያለውን ወረቀት ገለጠች። ቀና ብላ አላየቻትም። ከዚህ በፊትም ለሌላ ሰው እንዲህ ያለ ነገር ነግራ የምታውቅ ትመስላለች። «እሳቸው ማመልከቻው ላይ አንዲት ሴት ልጅ አለችኝ ብለው ሞልተዋል። አስራ አንድ ዓመቷ ነው።»

ሚጢጢን ደብተሩ ትዝ አላት፣ የባሏ የእጅ ጽሑፍ። ስልሳ ሁለቱ ጥያቄ። ስለ ጥርስ ብሩሽ ጽፏል። ስለ አልጋ ጽፏል። ይሄኛውን እያየ፣ እያወቀ፣ ዘሎታል።

«እንቀጥል?» አለች ሴትየዋ ቀስ ብላ።

«ይቀጥሉ።»

«ዛሬ ጠዋት መጀመሪያ ከእንቅልፉ የተነሳው ማን ነው?»

«እሱ» አለች ሚጢጢ። «ቀስቅሶኝ ሻይ ሰጠኝ።» ይህን ስትናገር ነው እንባዋ የቀደማት። ይሄኛው መልስ ደግሞ የእውነት ነበር።

* * *

ሊፍቱ ከክፍል አምስት እየሳቀ ወጣ። «የስኳሩን ነገር ጠየቁሽ? እኔን ሲጠይቁኝ ሰውዬው ራሱ…» ፊቷን ሲያይ ሳቁ ከንፈሩ ላይ ደረቀ።

«ልጅ አለህ?»

«ሦስት ተኩል…»

«እንደሱ አትበለኝ። ልጅ አለህ ወይ ነው ያልኩህ።»

«አለችኝ።»

እስከዚያች ደቂቃ ድረስ፣ የቢሮው ስህተት ይሆናል የምትል አንዲት ቀጭን ክር ውስጧ ነበረች። ያቺም ተበጠሰች። ሚጢጢ ሊፍት ሳትጠብቅ በደረጃ ወረደች። እሱ ከኋላዋ ሁለት ሁለት ደረጃ እየዘለለ ተከተላት።

«ስሚኝ! ለነሱ መዋሸት አይቻልም። መዝገብ አላቸው። ልጅቷ እዚያ ተመዝግባለች። ብዋሽ አንቺን ለዘላለም ይከለክሉሻል።»

ሚጢጢ ደረጃው መሀል ቆማ ዞረች። እሷ ከላይ እሱ ከታች ቢሆን ኖሮ ቁመታቸው በተካከለ ነበር፤ አሁን ግን አንገቷን ሰብራ ነው ሽቅብ የምታየው።

«ለኔ መዋሸት ግን ይቻላል» አለች። «እኔ መዝገብ የለኝማ!»

እስከ መንገዱ ድረስ ጎን ለጎን ሄዱ። ክንዱ በልማድ ትከሻዋን ሊያቅፍ ተነሳና ሳይደርስ መልሶ ወረደ። ሚጢጢን የዚያ ክንድ መውረድ ከውሸቱ እኩል አመማት፤ በዚህ ደግሞ በራሷ ተናደደች።

* * *

በሦስተኛው ቀን፣ ሌሎቹ ሰፊዎች ምሳ ሲወጡ፣ ሊፍቱ መጋረጃ ቤቱ መጣ። ሚጢጢ ለነዚያ ቀናት አባቷና እህቷ ቤት ነበረች። የስፌት መኪናዋን አላቆመችም። እሱ ድምፁን ከመኪናው ድምፅ በላይ አድርጎ ማውራት ጀመረ።

እናትየው ልጅቷን በሁለት ዓመቷ ጥላት ሄዳለች። ልጅቷ ከአያቷ፣ ከሱ እናት ጋር ናት። እሱ ለሥራ ሲወጣ አራት ዓመቷ ነበር። በየሁለት ዓመቱ እናቴን ልጠይቅ ብሎ የሚሄደው ወደሷ ነው።

«አባባ ሲጠይቁኝ ፈራሁ። ልጅ አለኝ ካልኩ እምቢ ይሉኛል ብዬ። ነገ ላንቺ እነግርሻለሁ አልኩ። ነገ ሲመጣ ደግሞ ነገ አልኩ።»

«ከተጋባን አንድ ዓመት ተኩል ሙሉ ነገ አልነጋልህም?»

ሊፍቱ አንገቱን ደፋ። ከጃኬቱ ኪስ አንድ ፖስታ አውጥቶ መኪናው ላይ አስቀመጠላት። ምናልባት ልጅቷን ብታውቃት ልቧ ይራራል ብሎ ይሆናል። እዚህ ላይ ነው የተሳሳተው። ፖስታው ውስጥ ደብዳቤና አንድ ሥዕል ነበር፤ መስኮት፣ መስኮቱ ላይ ቢጫ መጋረጃ፣ መጋረጃው ላይ ወፎች።

የሚጢጢ እግር ከመኪናው መርገጫ ላይ ተነሳ።

እነዚያን ወፎች ታውቃቸዋለች። አምና «ለአለቃዬ ልጅ ክፍል ነው፣ ቆንጆ አድርጊልኝ» ብሎ ያሰፋት መጋረጃ ነው። የስምንቱንም ወፍ ዓይን በጥቁር ክር በእጇ ነው የሠራችው።

«አንብብልኝ» አለች።

«ሌላ ጊዜ…»

«አንብብልኝ አልኩህ!»

አነበበላት። ቋንቋውን እየገለበጠ፣ በዚያው ሊፍት ውስጥ በሰማችው ድምፅ። «ለአባዬ ሚስት። ለወፎቹ በሙሉ ስም አውጥቼላቸዋለሁ፣ ስትመጪ አስተዋውቅሻለሁ። አንቺ ግን ለምንድን ነው የማትጽፊልኝ? አባዬ ሥራ ይበዛባታል ይላል። እኔ አጭር ደብዳቤም ይበቃኛል።»

ሚጢጢ አፏን በመዳፏ ያዘች። «ታውቀኛለች?»

«አዎ።»

«እናትህስ?»

«አዎ።»

«እና አንተ ምን ብለህ ነው የምትመልስላት?»

ሊፍቱ ወረቀቱን አጠፈ። «ሰላም ትልሻለች እላታለሁ።»

«እኔ?»

«አዎ።»

ይኸው እንግዲህ! እዚያ ማዶ አንዲት ልጅ ደብዳቤ ትጠብቃለች፤ ያልጻፈችላት ደግሞ እሷ፣ ሚጢጢ፣ ናት። ሳታውቀው የልጅ ልብ ሰባሪ ሆና ከርማለች። ለተዋሸ ሰው ቢያንስ ንጹሕነቱ ይቀርለታል ይባል ነበር። እሱንም ወሰደባት።

«ሠላሳ ቀን ሰጥተውናል» አለ ሊፍቱ፣ ዝምታዋ መለሳለስ መስሎት። «መልሳችን ለምን እንደተለያየ አንቺ በእጅሽ ማብራሪያ ትጽፊያለሽ። አንድ ወረቀት ብቻ። ልጅ እንዳለችው አውቅ ነበር፣ ደንግጬ ነው የለውም ያልኩት በይ። ያምኑሻል። ከዚያ አብረን እንሄዳለን፣ እዚያ ሁሉንም ነገር እክስሻለሁ። እወድሻለሁ እኮ!»

«አውቃለሁ» አለች ሚጢጢ። «እሱን አልካድኩም።»

መኪናዋን ማስጮህ ጀመረች። ሊፍቱ ከወጣ በኋላ ጨርቁን አየችው፤ ሦስት ሜትር ሙሉ ክር በሌለው መርፌ ነው የሰፋችው።

* * *

«ጻፊው!» አለች ታላቅ እህቷ፣ የሰሃን ማጠቢያው ጋ ቆማ። «ምን እያሰብሽ ነው? ሥራዬን እለቃለሁ ብለሽ ተናግረሻል። ሻንጣሽ ተገዝቷል። ባል ልጅ ስለደበቀ ትዳር ቢፈርስማ ስንቱ ቤት ያለ ጣሪያ ይቀር ነበር!»

«እትዬ፣ አንቺ እኮ ነሽ ደብተሩን የያዝሽው። ስልሳ ሁለቱን ጥያቄ አንብበሽዋል። ልጅ የሚል ነበረበት?»

«እሱ ነው የሚያበግነኝ! ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ሲባል ነበር የማውቀው። የናንተን ቢሮ አወጣው!» ብላ መጀመሪያ ሳቀች፣ ከዚያ ሳታስበው ዓይኗ እንባ ሞላ። «እኔንም እኮ ነው መሳቂያ ያደረገኝ፣ ሚጢጢዬ። መነጽር አንጠልጥዬ…»

አባትየው ከጠረጴዛው ራስ ተቀምጠዋል። ሚጢጢ «ነግሬሽ አልነበር?» የምትለዋን ቃል ሦስት ቀን ጠብቃለች። አልመጣችም።

«ልጅቷ ስንት ዓመቷ ነው?» አሉ።

«አስራ አንድ፣ አባባ።»

አባትየው ጠረጴዛውን በመዳፋቸው ጠረግ ጠረግ አደረጉት፣ ፍርፋሪ ሳይኖርበት። «እኔ መኪና ስይዝ ሳምንት እጠፋ ነበር። ብዙ ነገራችሁ አምልጦኛል። ግን በየመናኸሪያው ልጆች አሉህ ወይ ያለኝን ሰው ሁሉ፣ ሁለት ሴቶች አሉኝ እለው ነበር። ሳይጠይቁኝም እናገር ነበር። ረዳቶቼ እስኪሰለቻቸው። እሱ ግን እዚህ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ ከእናቴ በቀር ማንም የለኝም አለ። አንቺን ዋሸሽ። የዋሸ ባል ይቅር ይባላል፣ እናትሽም እኔን ስንቴ ይቅር ብላኛለች። እሷን ግን ካዳት።»

«እና ምን ላድርግ ነው የሚሉኝ?»

«እኔ ምን አውቄ። ወረቀቱን የምትጽፊው አንቺ ነሽ።»

ሚጢጢ ያን ጊዜ ነው የገባት። ደንግጬ ነው ብላ ከጻፈች የእሱ ውሸት በሷ እጅ ጽሑፍ ይጸናል። እስካሁን የተታለለች ነች። ከዚያ በኋላ ግን ተባባሪ ትሆናለች። ካልጻፈች ደግሞ ጠዋት ሻይ ይዞ የሚቀሰቅሳት ሰው የለም።

* * *

ማብራሪያውን ራሷ ወሰደችው። የመስኮቱ ሠራተኛ ተቀብሏት ቆሞ አነበበው። አራት መስመር ነው።

«ባለቤቴ ልጅ እንዳለችው አላውቅም ነበር። ያወቅሁት እዚህ ቢሮ ውስጥ ነው። የጥርስ ብሩሹንና ሌላውን ሁሉ የመለስኩት ስለማውቅ ነው። ትዳራችሁ የእውነት ነው ወይ ለምትሉት፣ በኔ በኩል የእውነት ነበር።»

ሰውዬው ቀና አለ። «እህቴ፣ ይሄ ከገባ ውሳኔው ምን እንደሚሆን ያውቃሉ?»

«አውቃለሁ።»

«ጊዜ አለዎት እኮ። ገና አስራ ዘጠኝ ቀን ይቀራል።»

«ብቆይበት ሌላ ነገር እጽፋለሁ» አለች ሚጢጢ። «ስለዚህ ይምቱበት።»

ማኅተሙ አረፈበት።

ሊፍቱ ውጭ፣ በሩ ጋ ቆሟል። ማን እንደነገረው እንጃ፣ እህቷ ትሆናለች። ጺሙን አልተላጨም። ዓይኖቹ መጀመሪያ እጇን፣ ቀጥሎ ፊቷን አዩ።

«ጻፍሽልን?»

«የሆነውን ጻፍኩ።»

ግንቡን ተደገፈ። አልጮኸም፣ አልተቆጣትም። ቢቆጣት ይቀላት ነበር። «እንግዲያው እኔም አልሄድም» አለ። «ሥራውን እተወዋለሁ። ላንቺ ብዬ እዚሁ እቀራለሁ። አባባ እግር ላይ እወድቃለሁ። ያላንቺ የትም አልሄድም፣ ሦስት ተኩል።»

ይህን ቃል ሚጢጢ ከወር በፊት ብትሰማው ኖሮ ምድር አትበቃትም ነበር። አሁንም፣ እውነቱን ለመናገር፣ እጇ ሄዶ ያን ያልተላጨ ጉንጭ ሊነካ ነበር። ቦርሳዋን በሁለት እጇ ጨበጠች።

«ሰባት ዓመት በሥራ እያሳበብክ ቀረህባት» አለች። «አሁን ደግሞ በኔ አሳበህ ልትቀርባት ነው? በስሜ ሰላም አልካት፣ ችዬዋለሁ። በስሜ ግን አትቅርባት!»

«ትወጂኛለሽ?»

«ይሄን ደግሞ ደብተርህ ላይ ጻፈው» አለችው፣ ሄደችም። መልሱን ብትሰጠው ኖሮ እግሯ አይሄድላትም ነበር።

አውቶቡሱ ሞልቷል። መተላለፊያው ጋ አንድ ባዶ ወንበር አገኘች፤ መስኮቱን ቦርሳቸውን ታቅፈው የተቀመጡ አንድ ትልቅ ሴትዮ ይዘውታል። አውቶቡሱ ሲነቃነቅ ሚጢጢ በሴትዮዋ በኩል አሻግራ ሊፍቱን አየችው። እጁን አላውለበለበም። እዚያው ግንቡ ጋ፣ ሰው እያለፈው፣ ቆሟል። አውቶቡሱ ታጠፈና ጠፋት።

ያኔ ነው የወጣላት። አስራ አንድ ቀን ሙሉ አምቃ የያዘችው ለቅሶ እንደ ሳል እያንገጫገጨ ወጣ።

«ውይ ልጄ! ሰው ሞቶብሽ ነው?» አሉ ሴትዮዋ።

«አይ እማማ።» ሚጢጢ ለማንም እንዲህ ብላ ተናግራ አታውቅም፣ ለእህቷም ለአባቷም። «ባሌ ልጅ አለችው። አልነገረኝም። እኔ ደግሞ አሁንም እወደዋለሁ።»

ሴትዮዋ ምክር አልሰጧትም። «አይዞሽ»ም አላሏትም። ቦርሳቸውን አንስተው ከወንበራቸው ተነሱ።

«ነይ፣ ወደ መስኮቱ ግቢ» አሏት። «እዚህ ማንም አያይሽም።»

ሚጢጢ ገባች። ሴትዮዋ መተላለፊያውን በሰፊው ትከሻቸው ጋርደውላት ተቀመጡ። ግንባሯን መስታወቱ ላይ አስደግፋ፣ ከእንግዲህ ቃሏን ሳትመርጥ፣ መልሷን ከማንም መልስ ጋር ሳታገጥም፣ እስከ መጨረሻው ፌርማታ ድረስ አለቀሰች።